ለውድድር የሚቀርብ አትክልት፦ ዳኛው ምን ይመዝን?

በአገራችን ታታሪ አርሶ አደርን በአደባባይ ማመስገን እንግዳ ነገር አይደለም። ሞዴል አርሶ አደሮች ከወረዳ እስከ ፌዴራል ደረጃ ሲሸለሙ ኖረዋል። በሰቆጣ ደረቅ ምድር ግብርና ምርምር ማዕከል እንደሚደረገው ያለ የመስክ ቀንም ጎረቤት የጎረቤቱን ማሳ አይቶ እንዲማር ያደርጋል። የአትክልት ውድድር የዚሁ ልማድ ታናሽ ወንድም ነው። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አንድ ረዥም ጠረጴዛ፣ ሦስት ዳኞችና አስቀድሞ የታወቀ ደንብ ይበቁታል። በሰሃላ ሰየምትም ሆነ በሌሎች የዋግ ኽምራ ወረዳዎች የሚገኙ ሰበካ ጉባኤያት እንዲህ ያለውን ውድድር ሲያስቡ ከሁሉ በፊት ሊወስኑት የሚገባ አንድ ጉዳይ አለ፤ ይኸውም ዳኛው ምን እንደሚመዝን ነው። ሰው የሚያመርተው የሚሸለምበትን ነውና።

ግዙፍነት ብቻ ሲሸለም ምን እንደሚገኝ ከውጭው ዓለም መረዳት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2023 በእንግሊዝ አገር በሃሮጌት ዐውደ ርእይ የቀረበ አንድ ራስ ሽንኩርት 8.97 ኪሎ ግራም መዝኗል። በዚያው ዓመት በአሜሪካ ካሊፎርኒያ አንድ ዱባ 1,247 ኪሎ ግራም ሆኖ ተመዝግቧል። እንዲህ ያለ ዱባ የሚገኘው ከአንዱ ተክል ላይ ሌሎቹ ፍሬዎች ተቀንጥሰው፣ ውሃውና ማዳበሪያው ሁሉ ለቀረው ፍሬ ሲውል ነው። ውሃ ለተትረፈረፈበት አገር ይህ ጨዋታ ነው። በ2016 ዓ.ም. ድርቅ ክፉኛ ለጎዳት ለሰሃላ ሰየምት ግን የአንድን ቤተሰብ ጓሮ ውሃ ለአንድ ፍሬ ማፍሰስ ይሆናል።

በዚያው በእንግሊዝ አገር ግን አብዛኛው የአትክልት ውድድር የሚዳኘው በሌላ መንገድ ነው። ተወዳዳሪው አንድ ግዙፍ ራስ ሳይሆን ቁጥሩ የተወሰነ፣ እርስ በርሱ የሚመሳሰል ምርት በአንድ ሳሕን ያቀርባል። ዳኛው ጤንነቱን፣ ቅርፁን፣ ቀለሙንና መመሳሰሉን ይመረምራል፤ መጠንም ይታያል፣ ብቻውን ግን አያሸልምም። አንድ ትልቅ ሽንኩርት በአጋጣሚ ሊገኝ ይችላል። አምስት እኩል ሽንኩርት ግን መደቡ በሙሉ በእኩል ርቀት እንደተተከለ፣ በእኩል እንደጠጣና በወቅቱ እንደታረመ ይመሰክራል።

ሽንኩርትን በምሳሌነት እንውሰድ። በአገራችን በስፋት የሚመረቱት ቦምቤ ሬድና አዳማ ሬድ የተባሉት ዝርያዎች ናቸው። ዘሩ በችግኝ መደብ ላይ ከ45 እስከ 55 ቀን ከቆየ በኋላ ወደ ማሳ ይዛወራል። ከተክል እስከ ተክል 5 ሳንቲ ሜትር መተው የተለመደ የምርምር ምክር ነው። ርቀቱን ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ብናሰፋው እያንዳንዱ ራስ ይተልቃል፤ ከመደቡ የሚሰበሰበው ጠቅላላ ምርት ግን ይቀንሳል። እንግዲህ ትልቁን ራስ የሚሸልም ዳኛ ሳያውቀው አነስተኛ ምርትን እየሸለመ ነው።

ዩሪያን ዘግይቶ መጨመርም እንዲሁ ነው። ቅጠሉን ያለመልማል፣ አንገቱን ያወፍራል። አንገተ ወፍራም ሽንኩርት ደግሞ በደንብ ስለማይደርቅ በጎተራ ፈጥኖ ይበሰብሳል። ለውድድርም ለገበያም የሚሆነው ቅጠሉ መተኛት ሲጀምር ውሃ የተቋረጠለት፣ ከግማሽ በላይ ሲተኛ የተነቀለ፣ ከዚያም ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር አንገቱ እስኪጠወልግና የላይኛው ልጣጩ እስኪንኮሻኮሽ የደረቀ ነው።

ሌሎቹ አትክልቶችም አያያዛቸውን አይደብቁም። ካሮት እግሩ ከተሰነጠቀና ከተጣመመ አፈሩ ድንጋያማ ነበር፣ አልያም ያልበሰለ ፍግ ተጨምሮበታል። ቲማቲም ከታች በኩል ከጠቆረ በአብዛኛው ውሃው አንድ ጊዜ በዝቶ ሌላ ጊዜ ተቋርጦበታል፤ ሥሩን በደረቅ ሣር መሸፈን እርጥበቱን እኩል ለማቆየት ይረዳል። ዳኛው እነዚህን ምልክቶች ለተሰበሰበው ሕዝብ ጮክ ብሎ ቢያስረዳ ውድድሩ ያለ ክፍያ የሚሰጥ ሥልጠና ይሆናል።

በዚህ መሠረት ለሰበካ ጉባኤያት የምናቀርበው የነጥብ አሰጣጥ ከመቶ እንደሚከተለው ነው፦ ጤናማነት 30፣ መመሳሰል 25፣ የውሃና የአፈር አያያዝ 20፣ ቅርፅና ቀለም 15፣ መጠን 10። የውሃና የአፈር አያያዝ ከጠረጴዛው ላይ ስለማይታይ ዳኞቹ ጓሮውን ሁለት ጊዜ፣ ማለትም ችግኙ እንደ ተዛወረና ምርቱ ሊሰበሰብ ሲል፣ ሊጎበኙት ይገባል። ይህ ጉብኝት ከገበያ የተገዛ አትክልት የራስ ተደርጎ እንዳይቀርብም ይከላከላል። ፀረ ተባይ የረጨ ተወዳዳሪ የረጨበትን ቀን ይናገር፤ በማሸጊያው ላይ የተጻፈው የመቆያ ጊዜ ሳያልፍ የተሰበሰበ ምርት ከውድድሩ ይውጣ።

ዳኞቹ ሦስት ቢሆኑ መልካም ነው፦ አንድ የግብርና ባለሙያ፣ አንድ በአትክልት ልማት የታወቁ አርሶ አደርና አንዲት ጓዳውንም ገበያውንም የሚያውቁ እናት። በሳሕኑ ላይ ስም አይጻፍ፤ ቁጥር ይበቃል። የተወዳዳሪ ዘመድ የሆነ ሰው በዚያ ምድብ አይዳኝ። አባቶች ካህናት ሽልማቱን ቢሰጡና ቢባርኩ እንጂ ባይዳኙ እንመርጣለን፤ በውጤቱ ያዘነ ሰው ቅሬታው ከአጥቢያው ጋር እንዳይሆን ይረዳልና።

ምድቡም ፍትሐዊ ይሁን። የተከዜን ሸለቆ ተከትሎ የሚገኘው ቆላ ለሽንኩርት፣ ለቲማቲምና ለቃሪያ ይስማማል፤ ደጋው ደግሞ ለጥቅል ጎመን፣ ለነጭ ሽንኩርትና ለካሮት። ሁለቱን በአንድ ጠረጴዛ ማወዳደር አየሩን መሸለም ነው። ለእናቶች፣ ለአብነት ተማሪዎችና ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያለሙ የየራሳቸው ምድብ ቢኖር ጠረጴዛው የባለ መስኖዎች ብቻ አይሆንም።

ከሁሉም በላይ ግን ልናበረታታው የሚገባ አንድ ምድብ አለ። ከአንድ ጓሮ የተሰበሰቡ ቢያንስ ሦስት ዓይነት አትክልቶች፣ ከእነርሱም አንዱ ጥቁር አረንጓዴ ቅጠል፣ አንዱ እንደ ካሮትና ዱባ ያለ ብርቱካናማ ሆኖ በአንድ ቅርጫት የሚቀርቡበት ምድብ ነው። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር በ2022 ዓ.ም. ለማስቀረት ቃል ሲገባ ሰነዱ የሰቆጣ ቃል ኪዳን ተብሎ በአካባቢያችን ስም ተጠርቷል። መቀንጨር የሚገታው በብዙ ሥራ ነው፤ ከብዙዎቹ አንዱ ግን የሕፃኑ ምግብ ልዩ ልዩ ዓይነት መሆኑ ነው። የእንስሳት ተዋጽኦ ከማዕድ በሚርቅባቸው የጾም ወራትም የጓሮ አትክልት ለቤተሰቡ ያለው ጥቅም ይበልጥ ይጎላል።

የጊዜ ሰሌዳውን ከመስኖው ጋር ማስማማት ያስፈልጋል። በጥቅምት አጋማሽ በችግኝ መደብ ላይ የተዘራ ሽንኩርት በታኅሣሥ መጀመሪያ ቢዛወር በመጋቢት መጨረሻ ገደማ ይደርሳል። ፋሲካ በሚያዝያ አጋማሽ ወይም ከዚያ በኋላ በሚውልበት ዓመት ውድድሩን ከበዓሉ ገበያ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ማድረግ ይቻላል። ያን ጊዜ ሽንኩርት ይፈለጋል፤ ለዳኛ የቀረበውም በጥሩ ዋጋ ይሸጣል። ሽልማቱ ከገንዘብ ይልቅ የውሃ ማጠጫ፣ መኮትኮቻ ወይም የተመሰከረለት ዘር ቢሆን በሚቀጥለው ዓመት መደብ ላይ ይታያል።

ደንቡ ግን ዘሩ ከመዘራቱ በፊት፣ ማለትም በመስከረም ወር፣ ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት ይነበብ። ሕዝቡ ምን እንደሚመዘን አስቀድሞ ካወቀ ጓሮውን በዚያ ልክ ያዘጋጃል። ካላወቀ ግን ትልቁን ፍሬ ፍለጋ ያለችውን ጥቂት ውሃ ያባክናል።