የድረ ገጽ አድራሻን ትክክለኛነት ማረጋገጥ

የድረ ገጽ አድራሻን (ዩአርኤል) ትክክለኛነት ማረጋገጥ በፕሮግራም አጻጻፍ ውስጥ አንድ የጽሑፍ ስትሪንግ የአድራሻን ቅርጽ ማሟላቱን የመፈተሽ ሥራ ነው። ተጠቃሚ በቅጽ ላይ ሊንክ ሲያስገባ ወይም ፕሮግራም ከሌላ ገጽ መረጃ ሲያመጣ ያስፈልጋል። ፍተሻው ቅርጽን ብቻ ይመለከታል፤ ገጹ በእርግጥ መኖሩን አያሳይም።

የአድራሻ ክፍሎች

የዩአርኤል አጻጻፍ ደንብ በ1994 እ.ኤ.አ. አርኤፍሲ 1738 በተባለው ሰነድ ወጣ። በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣው አርኤፍሲ 3986 ደግሞ ጠቅላላውን የአጻጻፍ ሥርዓት ይደነግጋል። አድራሻ የሚጀምረው በስኪም ነው፤ ለምሳሌ ኤችቲቲፒኤስ። ከሁለት ነጥብና ከሁለት ዝባዝ መስመር ቀጥሎ የዶሜን ስም ይመጣል። ከዚያ እንደ አስፈላጊነቱ የፖርት ቁጥር (ከ65535 የማይበልጥ)፣ የገጹ መንገድ እና ከጥያቄ ምልክት በኋላ የሚጻፍ መጠይቅ ይከተላሉ። በዶሜን ስም ውስጥ በነጥቦች መካከል ያለው እያንዳንዱ ክፍል ከ63 ፊደላት መብለጥ አይችልም።

የማረጋገጫ መንገዶች

ብዙ ጀማሪዎች የራሳቸውን ሬጉላር ኤክስፕሬሽን ይጽፋሉ። ይህ ዘዴ ብዙ ጊዜ ትክክለኛውን አድራሻ ይጥላል፦ የዶሜን መጨረሻ ከ2 እስከ 4 ፊደል ነው ብሎ የሚገምት ኮድ «ሙዚየም» የሚለውን ባለ 6 የላቲን ፊደል መጨረሻ አይቀበልም። ስለዚህ ከቋንቋው ጋር የሚመጣውን ተንታኝ መጠቀም ይሻላል። በጃቫስክሪፕት የዩአርኤል ክላስ ሊተነትነው ያልቻለውን ስትሪንግ ሲያገኝ ስህተት ያስነሳል። የፓይተን ዩአርኤልፓርስ ግን አድራሻውን ይከፋፍላል እንጂ አብዛኛውን ስህተት አይጠቁምም፤ ስለዚህ ስኪሙና የዶሜን ስሙ ባዶ አለመሆናቸውን ፕሮግራመሩ ራሱ ማየት አለበት።

የአማርኛ ፊደላት

በአድራሻው መንገድ ውስጥ የሚገባ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ይይዛል። እያንዳንዱ ባይት በፐርሰንት ምልክትና በ2 አሃዝ ስለሚጻፍ «አማርኛ» የሚለው ባለ 4 ፊደል ቃል 36 ምልክት ይሆናል። የአማርኛ ገጽ ሊንክ ሲቀዳ ረጅም የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። የፒኤችፒ አብሮ ገነብ የዩአርኤል ማጣሪያ የሚቀበለው የአስኪ ምልክቶችን ብቻ ስለሆነ በፊደሉ እንደ ተጻፈ የገባን አድራሻ ይጥላል። በመሆኑም ከፍተሻው በፊት ፊደላቱን ወደ ፐርሰንት አጻጻፍ መለወጥ ያስፈልጋል።

ደህንነት

ትክክለኛ ቅርጽ ያለው አድራሻ ሁሉ ደህና አይደለም። ስኪሙ «ጃቫስክሪፕት» የሆነ ሊንክ ተንታኙን ያልፋል፤ ሲጫኑት ግን በብራውዘሩ ውስጥ ኮድ ሊያስኬድ ይችላል። እንዲሁም 127.0.0.1 ትክክለኛ አድራሻ ቢሆንም የሚያመለክተው ኮምፒዩተሩን ራሱን ነው። ሰርቨር እንዲህ ያለውን ሊንክ ተከትሎ ከከፈተ የውስጥ መረጃው ለውጭ ሰው ሊጋለጥ ይችላል። ስለዚህ ከትንተናው በኋላ ኤችቲቲፒንና ኤችቲቲፒኤስን ብቻ መፍቀድ፣ ሰርቨሩ ራሱ የሚከፍተው ሊንክ ከሆነም ወደ ውስጥ ኔትወርክ የሚያመሩ አድራሻዎችን መከልከል ይገባል።