የእርዳታ መርከቦች መታገድ፦ ተረትና እውነታ

እርዳታ የጫነ መርከብ በጦር ኃይል ሲታገድ የሚነሳው ክርክር የባሕር ዳርቻ አገሮች ጉዳይ ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብ የተለመደ ቢሆንም፣ የደብረ ታቦር መንገድ ከባሕር ዳር–ጎንደር መንገድ ጋር በሚገናኝባትና ደረቅ ወደብ ባላት ወረታ ለሚኖር ሰው አያስኬድም፤ በጅቡቲ የሚራገፈው ማዳበሪያ ዘግይቶ ሲደርስ የፎገራ ሜዳ ሩዝ አብቃይ ገበሬ ጉዳቱን በማሳው ላይ ያየዋልና።

ለአገራችን የቅርብ ምሳሌ የሚሆነው በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ጊዜ የተፈጸመው ነው። ከአውስትራሊያ የተላከ እርዳታ የጫነው ጎልደን ቬንቸር መርከብ አሰብ ሲቆም፣ በፖርት ሱዳን በኩል በአማፅያን ይዞታ ሥር ለነበሩ የኤርትራና የትግራይ ረኃብተኞች ሊሄድ የነበረውን ጭነት የደርግ መንግሥት ወረሰው። መንግሥት ያለ ፈቃዱ የሚያልፍ እህል ጠላቱን የሚያጠናክርና ሉዓላዊነቱን የሚጥስ አድርጎ ሲያየው፣ ለጋሾቹ ግን የጦር ግንባር የለያቸውን ረኃብተኞች በሌላ መንገድ መድረስ አይቻልም ይሉ ነበር።

«የእርዳታ መርከብ ፈጽሞ አይነካም» የሚለው እምነት ስሕተት ነው። የባሕር ከበባ፣ ማለትም ወደ ጠላት ጠረፍ የሚገባና ከዚያ የሚወጣ መርከብን ሁሉ የመከልከል የጦርነት እርምጃ፣ በይፋ ከታወጀና በተግባር ከተፈጸመ፣ ሊያመልጥ የሚሞክርን መርከብ ለመያዝ ያስችላል። «ከበባ ያወጀ ወገን የፈለገውን ማገድ ይችላል» የሚለው ደግሞ የባሰ ስሕተት ነው፤ ምክንያቱም እ.ኤ.አ. በ1994 የተዘጋጀው የሳን ሬሞ መመሪያ ሕዝብን ማስራብ ብቸኛ ዓላማው የሆነን ከበባ የሚከለክል ሲሆን፣ ምግብ ለጎደለው ሕዝብ የሚላክ እርዳታም በፍተሻና በገለልተኛ አካል ቁጥጥር እንዲያልፍ ያዛል። ስለዚህ የጭነት ዝርዝሩን ማየትና ኮንቴይነሩን ከፍቶ መፈተሽ መብት ነው፤ እህሉን ማስቀረት ግን መብት አይደለም። አከራካሪው ድንበር ይህ ነው። በግንቦት 2002 ዓ.ም. ወደ ጋዛ ሲያመራ እስራኤል ያገደችውንና ዘጠኝ ሰዎች የተገደሉበትን የማቪ ማርማራ የእርዳታ መርከብ ጉዳይ የመረመሩት ሁለት የተባበሩት መንግሥታት ቡድኖች እንኳ፣ የእስራኤል የጋዛ ከበባ ሕጋዊ ስለመሆኑ ተቃራኒ ድምዳሜ ላይ ደርሰዋል።

በአገር ውስጥ ጦርነት የሚሠራው ሕግ ከዚህ ይለያል። ሁለተኛው ተጨማሪ የጄኔቫ ፕሮቶኮል ሰላማዊ ሰዎችን በረኃብ መውጋትን የሚከለክል ሆኖ፣ እርዳታ የሚገባው በመንግሥት ስምምነት እንደሆነ ይደነግጋል፤ ኢትዮጵያ ግን ፕሮቶኮሉን የተቀበለችው በመጋቢት 1986 ዓ.ም.፣ ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው።

እርዳታን የሚያስተጓጉለው መንግሥት ብቻ ነው ማለትም አይቻልም። በጥቅምት 1980 ዓ.ም. የኤርትራ አማፂ ቡድን የነበረው ሻዕቢያ የእርዳታ እህል ጭነው ይጓዙ የነበሩ 23 ካሚዮኖችን በኤርትራ አጥቅቷል። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋን ሲይዝ ደግሞ ወደቡ ለእርዳታ ተዘጋ፤ ከዚያም በመንግሥት የአየር ድብደባ ለረኃብተኞች የተከማቸ እህል በወደቡ ተቃጠለ፤ የእርዳታ መርከብ ዳግመኛ ምጽዋ የገባው ሁለቱ ወገኖች በ1983 ዓ.ም. ከተስማሙ በኋላ ነው።