ከጭብጥ ውጭ የሆነ ማስረጃ ለምን ይሰማል?

በሰኔ 2008 በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ሀና ማርያም አካባቢ፣ ሕገ ወጥ የተባሉ ቤቶች ሲፈርሱ በተነሳው ግጭት የወረዳ ባለሥልጣንና ፖሊሶች ሕይወታቸውን አጥተዋል፤ ብዙዎችም ቤት አልባ ሆነዋል። እንዲህ ያለ ጉዳይ ችሎት ሲደርስ ዳኛውን የሚጠብቀው ከባድ ጥያቄ፣ ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ማን ምን አደረገ የሚለው ነው። የተከሳሹ ቤት መፍረሱ ለድርጊቱ መነሻ ሊሆን እንደሚችል ያመለክታል፤ ስለዚህ ይሰማ። እጁን ማንሳቱን ግን አያስረዳም። ሌሎች ድንጋይ መወርወራቸውም እንዲሁ። ጎረቤት ቀርቦ «ድሮም ተደባዳቢ ነው» ቢል ደግሞ ጭራሽ መዝገብ ላይ መስፈር የለበትም።

ሕጉ ስለዚህ ዝም አላለም። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 137 ዋና ጥያቄ ከጭብጡ ጋር በተያያዘና ምስክሩ በሚያውቀው ነገር ላይ ብቻ እንዲሆን ያዛል። አንቀጽ 138 የተከሳሹ የቀድሞ ጥፋት፣ ጥፋተኛ ከመባሉ በፊት ለፍርድ ቤት እንዳይገለጽ ይከለክላል። አንቀጽ 146 ደግሞ ተቃውሞ ሲነሳ ፍርድ ቤቱ እዚያው ወስኖ ምክንያቱን እንዲመዘግብ ያስገድዳል። የጎደለን ዝርዝሩ ነው፤ ሕንድ በ1872 (እ.ኤ.አ.) ያወጣችውን ዓይነት የተሟላ የማስረጃ ሕግ ይሆን የነበረው የእኛው የ1967 (እ.ኤ.አ.) ረቂቅ ሳይታወጅ ቀርቷል።

በተግባር የሚታየው ምንድን ነው? ዐቃቤ ሕግ ጭብጥ ያስይዛል፦ ምስክሩ ተከሳሹ በተባለው ቀንና ቦታ ድርጊቱን ሲፈጽም ያየውን ያስረዳልኛል ይላል። ጥያቄው ቀስ በቀስ ወደ ተከሳሹ ጠባይ ሲሄድ ጠበቃው ይነሳል። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ከጭብጡ ውጭ ነው።» «ሲመዘን የሚታይ ነው፤ ይቀጥል» የሚል መልስ ሲሰጥ ነገሩ ያበቃል። ምክንያትም አይመዘገብም፤ ይግባኝ ሰሚው የሚመረምረው ነገር አያገኝም።

ዳኞቻችን የሕግ ሰዎች ስለሆኑ የማይጠቅመውን ራሳቸው ይለዩታል የሚል ክርክር አለ። በዚህ አልስማማም። ፍርዱን ተራ ዜጎች (ጁሪ) በሚሰጡበት አገር ዳኛው ጎጂውን ወሬ ከጁሪው ጆሮ ያርቃል። እኛ ዘንድ የሚሰማውም የሚፈርደውም ያው ዳኛ ነው፤ አንዴ የሰማውን ከልቡ የሚያወጣለት የለም።

ማስረጃው ከጭብጡ ጋር መያያዙ (አግባብነቱ) ብቻውን እንደማይበቃም አይተናል። የፀረ ሽብር አዋጅ ቁጥር 652/2001 ምንጩ ያልተገለጸ የደኅንነት ሪፖርት ጭምር በማስረጃነት እንዲቀርብ ፈቅዶ ነበር። ምንጩ የማይታወቅ ቃል መስቀለኛ ጥያቄ አይቀርብበትም። አዋጁ በ1176/2012 ተሽሯል። በማስገደድ የተገኘ ቃልም የቱንም ያህል ከጉዳዩ ጋር ቢገናኝ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19(5) ተቀባይነት የለውም።

አዲስ ሕግ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። ጠበቆች፣ ተቃውሟችሁን አንቀጽ 146ን ጠቅሳችሁ አቅርቡ፤ ዳኞችም ተቀበሉትም ጣሉትም ምክንያቱን መዝገብ ላይ አስፍሩልን።