ያውቁ ኖሯል? የከባድ መኪና ጎማ ጉዶች

ሲኖትራክዎ ላይ የጫኑትን 20 ቶን አሸዋ የተሸከመው ጎማው እንዳይመስልዎ! ንፋሱ ነው! የጎማው ሥራ ንፋሱን አፍኖ መያዝ ነው። የቱንም ያህል ውድ ጎማ ይግዙ፣ ንፋሱ ከወጣ ባዶ መኪና እንኳ ቀጥ አድርጎ አይዝልዎትም!

ያም ንፋስ እንደ ቤት መኪና ንፋስ አይደለም! ለቤት መኪና ከ30 እስከ 35 ፒኤስአይ ይበቃል። ከባድ መኪና ከ100 በላይ ይጠይቃል! ሦስት እጥፍ!

አንዱ ጎማ አስፋልቱን የሚነካበት ቦታስ? ከአንድ ኤ4 ወረቀት ብዙም አይሰፋም! ባለ አሥር ጎማው ከነጭነቱ ከ30 ቶን በላይ ይመዝናል፤ የቆመው ግን በአሥር ወረቀት ላይ ነው! ፍሬኑም፣ መሪውም፣ የቁልቁለቱ መታጠፊያም እዚያችው ላይ ይወሰናሉ።

ጎማው ጎን ላይ 315/80 አር 22.5 የሚል ያያሉ። 315ቱ ስፋቱ ነው፣ በሚሊ ሜትር። 22.5ቱ የቸርኬው ዲያሜትር ነው፣ በኢንች! በአንድ መስመር ላይ ሁለት ዓይነት መለኪያ! 80ው ደግሞ ሚሊ ሜትርም ኢንችም አይደለም፤ የጎኑ ከፍታ የስፋቱን 80 በመቶ ያህላል ማለት ነው!

ካላማዳሪ ያለውን 11.00 አር 20 ትተው ወደ ቲዩብለስ ሊዞሩ አስበዋል? አቻው 12 አር 22.5 ነው። ቁጥሩ በሁለቱም በኩል አደገ፣ የጎማዎቹ ቁመት ግን እኩል ነው ማለት ይቻላል! ቸርኬው ግን ፈጽሞ አይገናኝም። ጎማው የሚያርፍበት ጠርዝ በአንዱ 5 ዲግሪ፣ በሌላው 15 ዲግሪ ያዘነበለ ነው! ጎማውን ከቀየሩ ቸርኬውንም መቀየርዎ ነው።

ጎማ የልደት ቀን አለው! ዲኦቲ ከሚለው ጽሑፍ ተነስተው እስከ መጨረሻው ይከተሉ፤ አራት አሃዞች ያገኛሉ። 2319 ካለ፣ በፈረንጆቹ 2019፣ በ23ኛው ሳምንት ተወልዷል! ሙሉው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ በአንዱ ጎን ብቻ ይታተማል። ጎማው ሲገጠም ወደ ውስጥ ከዞረ ዕድሜው ተደበቀ! ሱቁ ውስጥ እያሉ ያገላብጡት እንጂ!

ሦስት አሃዝ ብቻ ያለው ጎማ ካጋጠመዎ እ.ኤ.አ. ከ2000 በፊት የተሠራ ነው! በነጻ ቢሰጥዎት እንኳ አይውሰዱ!

አዲስ ጎማ ላይ የቆሙት ፀጉር መሳይ ላስቲኮች የአዲስነት ማስረጃ አይደሉም! ጎማው ሲቀረጽ በአየር ማስወጫ ቀዳዳዎች ሾልኮ የወጣ ትርፍ ላስቲክ ናቸው። መጋዘን ውስጥ አሥር ዓመት ቢቀመጥ ፀጉሩ እንደቆመ ነው! ሻጩ ፀጉሩን ሲያሳይዎ እርስዎ አራቱን አሃዝ ይፈልጉ።

መጋዘኑ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሞተር ወይም የብየዳ ማሽን ካለ ጎማው ቶሎ ያረጃል! ከብልጭታው የሚመነጨው ኦዞን ላስቲኩን ይሰነጣጥቀዋል። ጎማው አንዲት ኪሎ ሜትር ሳይሄድ!

152/148 የሚል ቁጥርስ አይተዋል? 152 ማለት ጎማው ለብቻው ሲገጠም 3,550 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። 148 ማለት ደግሞ ከጥንዱ ጋር ሲገጠም 3,150 ኪሎ ብቻ! ያው ጎማ፣ ያው ንፋስ፣ ግን ጓደኛ ሲያገኝ 400 ኪሎ ይቀነስለታል! ሁለት ጎማዎች ሸክሙን ትክክል ለሁለት ተካፍለው አያውቁምና።

ከቁጥሩ ቀጥሎ የምትመጣው ፊደል የፍጥነት ጣሪያ ናት። ኬ በሰዓት 110፣ ኤል 120፣ ኤም 130 ኪሎ ሜትር። ፊደሎቹ በተራቸው እየጨመሩ ይሄዳሉ፤ ኤች ግን ሥርዓቱን አፍርሳለች! ከዩ በኋላ ከቪ በፊት ዘልላ ገብታ 210 ሆናለች!

18 ፒአር የሚለው ጎማ ውስጥ 18 ድርብርብ አለ ብለው ያስባሉ? የለም! ቁጥሩ ጎማ በጥጥ ክር ይሠራ ከነበረበት ዘመን የቀረ የጥንካሬ መለኪያ ነው። የዛሬው የሽቦ ጎማ አካሉ ብዙ ጊዜ አንድ ረድፍ ሽቦ ብቻ ነው! ቀበቶዎቹ ከላይ፣ ከጥርሱ ሥር ይጨመራሉ።

አሁን ወደ ጥንዶቹ ይምጡ፤ ከሁሉ የሚገርመው እዚህ ነው! አንዱ አዲስ ነው፣ አንዱ በልቷል። ዙሪያቸውን በሜትር ሲለኩት ልዩነቱ 19 ሚሊ ሜትር ሆነ። የአውራ ጣት ስፋት! ምን አላት? ሁለቱ ግን በአንድ ቡሎን ታስረዋል፤ እኩል ከመዞር በቀር ምርጫ የላቸውም። በአንድ ኪሎ ሜትር ከ280 ጊዜ በላይ ይዞራሉ። በያንዳንዱ ዙር 19 ሚሊ ሜትር መንሸራተት አለ። ሲደመር በኪሎ ሜትር ከ5 ሜትር በላይ! ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ወደብ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚያ እስኪደርሱ ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ተንከባሎ ሳይሆን በአስፋልቱ ላይ ተፍቆ ተሄደ ማለት ነው! ትልቁም ዕረፍት ላይ አይደለም፤ የጓደኛውን ሸክም ደርቦ ይግላል። ይህች 19 ሚሊ ሜትር ደግሞ ጎማ ለማጣመር የሚመከረው የመጨረሻው ወሰን ናት! መርካቶ ወርደው አንድ ጎማ ብቻ ሊገዙ ከሆነ አሮጌው ጥንዱን ሳይለኩ አይሂዱ።

ረዳቱ ከጉዞ በፊት ብረት ያነሳና ጎማዎቹን እየመታ መኪናውን ይዞራል። ድም! ድም! ድም! ጆሮውን ዘንበል ያደርጋል። በጥንዶቹ መሀል ድንጋይ ተቀርቅሮ ካገኘ በዚያው ብረት ፈልቅቆ ያወጣዋል፤ ይህ ትልቅ ሥራ ነው፣ ያ ድንጋይ በፍጥነት ላይ ቢፈናጠር የኋላውን መኪና መስታወት ያደቃል! ንፋሱን ግን ጆሮ አይለካውም። 100 ፒኤስአይ የሚገባው ጎማ 80 ቢኖረው ድምፁ ያው ድም ነው! ሃያ በመቶ የጎደለበት ጎማ ደግሞ በጎማ ባለሙያዎች ዘንድ እንደ ተነፈሰ ይቆጠራል!

አዲስ አበባ ላይ ንፋስ አስሞልተው ወደ ወደብ ሲወርዱ ደግሞ ጉድ ይፈጠራል! ከ2,300 ሜትር ከፍታ ወደ ባሕር ጠለል ሲወርዱ የውጪው አየር ይከብዳል፤ ከዚህ የተነሳ ብቻ ጌጁ ከ3 ፒኤስአይ በላይ ይቀንሳል። ምንም ሳይተነፍስ! የአፋር ሙቀት ደግሞ በሌላ በኩል ይጨምርበታል። ጎማው ከጠዋቱ ብርድ በ25 ዲግሪ ሲሞቅ ወደ 10 ፒኤስአይ ይወጣል! ጨመረ ብለው የጋለ ጎማ እንዳያስተነፍሱ! ማታ ሲበርድ ጎድሎ ያገኙታል።

በጎደለ ንፋስ ረጅም መንገድ የተነዳ ጎማ ከውጭ ደህና ይመስላል። ከውስጥ ግን የጎኑ ሽቦዎች ሲታጠፉ ሲዘረጉ ደክመዋል። ጎሚስታው ንፋስ ሲሞላው አንዱ ሽቦ ይበጠሳል፣ ቀጥሎ ጎረቤቱ፣ ቀጥሎ ሌላው፤ ጎኑ እንደ ዚፕ ተተርትሮ ይከፈታል! በቅጽበት!

አሜሪካ ውስጥ ባለ ቀለበት ቸርኬ ላይ የተገጠመ ጎማ ንፋስ የሚሞላው የብረት አጥር ውስጥ ገብቶ ነው! ሕግ ነው! በትክክል ያልተቀመጠ ቀለበት ሲፈናጠር ሰው ይገድላል። እባክዎ፣ ጎሚስታ ቤት ቆመው ሲጠብቁ ከቀለበቱ ፊት ለፊት አይቁሙ!

የአንዳንድ አሮጌ ከባድ መኪና የግራ ጎማ ዳዶ በተቃራኒ ይፈታል! የቀኙ እንደ ልማዱ፣ የግራው በግልባጩ! ሳያውቁ በኃይል ከታገሉት ቡሎኑን ይበጥሱታል። አዲስ ጎማ ከተገጠመ በኋላ ደግሞ ዳዶው ቦታውን ሲይዝ ይላላል፤ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄዱ እንደገና መጠበቅ አለበት!

ያለቀ ጎማ ነዳጅ ይቆጥባል! አዎ፣ ያለቀው! ወፍራም ጥርስ ሲንከባለል ይተጣጠፋል፣ ይግላል፣ ጉልበት ይበላል። የሳሳው በቀላሉ ይሽከረከራል። ዝናብ የጣለ ለት ግን ውኃውን ማስወጫ የለውም!

አሜሪካ ውስጥ የከባድ መኪና የፊት ጎማ ጥርስ ከ3.2 ሚሊ ሜትር ካነሰ መንገድ ላይ አይወጣም። ለኋላው ግን 1.6 ይበቃል! እጥፍ ልዩነት፣ በአንድ መኪና ላይ!

ጥርሱ ሲያልቅ በጋለ ስለት እንደገና የሚቀረጽ ጎማ አለ! ፋብሪካው ከጥርሱ ሥር ለዚሁ ብሎ ትርፍ ላስቲክ ያስቀምጥለታል። የተፈቀደለት መሆኑ ጎኑ ላይ ይጻፋል፤ ያልተጻፈበትን መቅረጽ ግን ሽቦውን ማውጣት ነው!

የታደሰ ጎማ ይፈራሉ? የተሳፈሩበት አውሮፕላን ያረፈው በታደሰ ጎማ ሊሆን ይችላል! የአውሮፕላን ጎማ ደጋግሞ ይታደሳል። ያም ሆኖ በአሜሪካ ሕግ የታደሰ ጎማ አውቶቡስ ላይ ከፊት አይገጠምም። ከኋላ ግን ይችላል!

ጎማ ድሮ ጥቁር አልነበረም! ነጣ ያለ ነበር። ጥቁር ያደረገው የተጨመረበት ጥቀርሻ ነው፤ ጥቀርሻው ደግሞ ዕድሜውን እጅግ አረዘመው! የሚሽሊን አርማ የሆነው ወፍራሙ ሰውዬ ነጭ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1898፣ ጎማ ገና ሳይጠቁር ስለ ተወለደ ነው!

በንፋስ የሚሞላ ጎማ ሁለት ጊዜ ተፈልስፏል! ስኮትላንዳዊው ሮበርት ቶምሰን እ.ኤ.አ. በ1845 የባለቤትነት መብት ሲያወጣበት ገና 23 ዓመቱ ነበር። ዓለም ረሳው! በ1887 ጆን ዳንሎፕ ለልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት ብሎ እንደ አዲስ ፈለሰፈው። ዳንሎፕ ሜካኒክ እንዳይመስልዎ፤ የእንስሳት ሐኪም ነበር!

ቻርልስ ጉድይር ላስቲክን በሰልፈርና በሙቀት ማጠንከርን አግኝቶ በዕዳ ተዘፍቆ ሞተ። በስሙ የሚጠራው ኩባንያ የተቋቋመው እሱ ከሞተ 38 ዓመት ቆይቶ ነው! ኩባንያው ከእሱም ከቤተሰቡም ጋር ዝምድና የለውም!

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካ መጀመሪያ በራሽን ያደረገችው ስኳር አይደለም፣ ሥጋ አይደለም፣ ጎማ ነው! ጃፓን አብዛኞቹን የእስያ የጎማ ዛፎች ስለያዘች። ጎማ እንዳያልቅ ተብሎ በመላ አገሪቱ ፍጥነት በሰዓት ወደ 56 ኪሎ ሜትር ወረደ!

የጎማ ዛፍ በእኛም አገር ተተክሏል! ጉራፈርዳ ላይ! የከባድ መኪና ጎማ ደግሞ ከቤት መኪና ጎማ ይልቅ የዛፍ ላስቲክ ይበዛበታል፤ ሙቀቱን የሚችለው እሱ ነውና።

የግዙፎቹ የማዕድን ማውጫ መኪኖች ጎማ ቁመቱ ከ4 ሜትር፣ ክብደቱ ከ5 ቶን በላይ ነው! አንዱ ጎማ ከአይሱዙ ጭነት ይስተካከላል!

ያለቀው ጎማዎ ደግሞ ገና ብዙ መንገድ ይቀረዋል! በረባሶ ሆኖ ይሄዳል። አዲስ አበባ ዘነበወርቅ የተወለደው ሶልሬብልስ የተባለ ኩባንያ በአሮጌ ጎማ ሶል የተሠራ ጫማ ለውጭ ገበያ አቅርቧል!

ሁለት አዲስ ጎማ ብቻ ለመግዛት ነው አቅምዎ? ለቤት መኪና ከሆነ ባለሙያዎች አዲሶቹን ከኋላ ይግጠሙ ይላሉ። ለከባድ መኪና ግን ከፊት! የፊቱ ጎማ ጥንድ የለውም፤ ከፈነዳ መሪው ከእጅዎ ይወጣል!