የኪንታሮት ቫይረስና የቆዳ ካንሰር

በእጅና በእግር ቆዳ ላይ የሚወጣ ኪንታሮት በጎጃም ደጋ ገጠር እንደ ቀላል ነገር ይታያል። ይህ አመለካከት በአብዛኛው ትክክል ነው። ኪንታሮትን የሚያስከትለው ሂውማን ፓፒሎማ ቫይረስ ከ200 በላይ ዓይነቶች አሉት፤ የተለመደውን የእጅና የእግር ኪንታሮት የሚያመጡት ዓይነቶች በጤነኛ ሰው ላይ ካንሰር አያስከትሉም። ይሁን እንጂ ቫይረሱ ከቆዳ ካንሰር ጋር የሚገናኝባቸው ሁኔታዎች አሉ።

ግንኙነቱ ይበልጥ ጎልቶ የሚታየው ኤፒደርሞዲስፕሌዢያ ቬሩሲፎርሚስ በተባለ፣ አልፎ አልፎ በሚያጋጥም የዘር በሽታ ነው። በሽታው በሕክምና ጽሑፍ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1922 ነው። ሕሙማኑ ቤታ የተባሉትን የቫይረሱን ዓይነቶች፣ በተለይም 5ን እና 8ን፣ መቋቋም አይችሉም። በመሆኑም ከልጅነታቸው ጀምሮ ጠፍጣፋ ኪንታሮትና ቋቁቻ የሚመስሉ ነጠብጣቦች ይወጡባቸዋል። ከጊዜ በኋላም ብዙዎቹ ፀሐይ በሚያገኘው የፊት ቆዳ ላይ ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ የተባለው ካንሰር ይይዛቸዋል። በሽታው በዘመዳሞች ጋብቻ ይበዛል፤ እስከ ሰባት ቤት ቆጥሮ የመጋባት ልማድ ዕድሉን ቢቀንሰውም ፈጽሞ አያስቀረውም።

ቤታ ዓይነቶች በብዙ ጤነኛ ሰዎች ቆዳ ላይም ይገኛሉ። ቫይረሱ በፀሐይ ጨረር የተጎዱ የቆዳ ሕዋሳት ጉዳታቸውን እንዳይጠግኑ ወይም እንዳይሞቱ በማድረግ ለካንሰር መንገድ ይከፍታል ተብሎ ይታሰባል። የሰውነት መከላከያ አቅማቸው በኤች አይ ቪ ወይም ከኩላሊት ንቅለ ተከላ በኋላ በሚወሰድ መድኃኒት የተዳከመ ሰዎች የበለጠ ይጋለጣሉ። ዓይነት 16 ደግሞ በብልትና በፊንጢጣ አካባቢ፣ አልፎ አልፎም በጥፍር ሥር ካንሰር ያስከትላል።

ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ የጮቄ ተራራ ደግሞ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ስለዚህ ከላይ የተጠቀሱት ሕሙማን፣ እንዲሁም አልቢኒዝም ያለባቸው ሰዎች፣ የአየሩን ቅዝቃዜ አይተው ፀሐዩን መናቅ የለባቸውም፤ ሰፊ ባርኔጣና ሰውነትን የሚሸፍን ልብስ ሊለምዱ ይገባል። በአገራችን ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለልጃገረዶች የሚሰጠው ክትባት የማኅፀን በር ካንሰርን ለመከላከል የሚጠቅም ቢሆንም ቤታ ዓይነቶችን አይከላከልም።

ከሁሉም በላይ አሳሳቢው መዘግየት ነው። ኪንታሮት የመሰለን እብጠት በጋለ ብረት መተኮስ ወይም የቁልቋል ወተት መቀባት ካንሰሩን ሸፍኖ ጊዜ ያሳልፋል። ከአንድ ወር በላይ ሳይድን የቆየ ቁስል፣ በፍጥነት የሚያድግ ወይም በቀላሉ የሚደማ እብጠት፣ በአሮጌ የቃጠሎ ጠባሳ ላይ የወጣ አዲስ ቁስልም ሆነ ለቋቁቻ መድኃኒት እምቢ ያለ የቆየ ነጠብጣብ በሐኪም ሊታይ፣ ካስፈለገም ናሙና ተወስዶ ሊመረመር ይገባል። ይህ ካንሰር ሳይሰራጭ ከተደረሰበት አብዛኛውን ጊዜ በቀዶ ሕክምና ይድናል።