የሰንጠረዥ ጨዋታ አከፋፈት

ተማሪዎች፣ በሒሳብ መጽሐፋችሁ ቁጥሮች በመደዳና በዓምድ ተደርድረው ስታዩ «ሰንጠረዥ» ትላላችሁ። ቃሉ ግን የጨዋታም ስም ነው። ጨዋታው በሕንድ «ቻቱራንጋ»፣ ማለትም አራት ክፍል ያለው ሠራዊት፣ ይባል ነበር፤ በፋርስና በዐረብ በኩል አልፎ ወደ እኛ ደረሰ።

በድሬ ዳዋ፣ በከዚራ የዛፍ ጥላ ሥር፣ ሁለት ተማሪዎች በዛሬው ደንብ ቼዝ ሲጫወቱ አስቡ። ነጩን የያዘው በንጉሡ ፊት የቆመውን ወታደር ሁለት ቤት ያራምዳል፤ ጥቁሩም እንዲሁ ያደርጋል። ነጩ ፈረሱን አውጥቶ የጥቁሩን ወታደር ያስፈራራል፤ ጥቁሩ በፈረሱ ይጠብቀዋል። ያን ጊዜ ነጩ በሰያፍ የሚሄደውን ጦሩን ልኮ ጠባቂውን ፈረስ ያስጨንቃል። ይህ አከፋፈት የተሰየመው እ.ኤ.አ. በ1561 ስለ ቼዝ መጽሐፍ ባሳተመው በስፓኙ ቄስ በሩይ ሎፔዝ ነው። ልብ በሉ፤ እያንዳንዱ እርምጃ ለቀደመው መልስ ነው።

በአገራችን ሰንጠረዥ ግን መጀመሪያ ላይ ተራ የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፣ እጃቸው እንደ ፈጠነ፣ ጦራቸውን ያሰልፋሉ፤ ይህም «ወረራ» ይባላል። ተራ መጠበቅ የሚጀመረው አንዱ የሌላውን ሲበላ ነው። እንግዲህ ብልህ ተጫዋች ከራሱ ጦር ይልቅ የባላጋራውን እጅ ይመለከታል። የከዚራን ቀጥ ያሉ ጎዳናዎች ትቶ፣ ደቻቱን ተሻግሮ ወደ መገላ ጠመዝማዛ መንገዶች የገባ ሰው ልዩነቱ ይገባዋል።

ወረራ ያለ ምክንያት የመጣ አይመስለኝም። በሰንጠረዥ መደቅ የሚራመደው አንድ ቤት ብቻ ነው፤ ፈርዝም በሰያፍ ከአንድ ቤት አያልፍም፤ ፊል በሰያፍ አንድ ቤት ዘሎ ሁለተኛው ላይ ያርፋል። እንዲህ ያለ አዝጋሚ ጦር በየተራ ቢሰለፍ ውጊያው እጅግ ይዘገያል። ዐረቦች ለዚሁ ችግር አስቀድሞ የተጠና ሰልፍ ነበራቸው፤ የእኛ ሰዎች ተራውን አነሡት።

ዐፄ ልብነ ድንግል (1508–1540 እ.ኤ.አ.) ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ሰንጠረዥ መጫወታቸው ተጽፏል። በ19ኛው ምዕተ ዓመትም እንግሊዛዊው ፕላውደን ስለ ጨዋታው ጽፏል፤ ሪቻርድ ፓንክረስት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1971 ታሪኩንና ደንቡን በጥናት አቀረቡ። ሆኖም እንደ ሩይ ሎፔዝ «ነጭ እንዲህ፣ ጥቁር እንዲህ» እያሉ ወረራን በተራ ቁጥር መመዝገብ አይቻልም፤ ሁለት እጆች በአንድ ጊዜ ሲንቀሳቀሱ የትኛው እንደ ቀደመ ማን ይጽፋል?