የማመላለሻ አቅም የሚለካው በተገዛው ሳይሆን በተሰማራው ተሽከርካሪ ነው

ጎንደር፡- የአንድ ከተማ የሕዝብ ማመላለሻ አቅም ሲገለጽ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚጠቀሰው የተገዛው ወይም የተመዘገበው ተሽከርካሪ ብዛት ነው። ይሁን እንጂ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቢሮው መገኘት ያለበት የመንግሥት ሠራተኛም ሆነ ሆስፒታል ቀጠሮ ያለው ታካሚ የሚጠቀመው በዚያው ዕለት ማለዳ ለስምሪት በወጣው ተሽከርካሪ ብቻ ነው። በመዝገብ ላይ ያለው ቁጥር እና መንገድ ላይ ያለው ቁጥር ሲራራቁ በመካከላቸው ያለው ልዩነት በተገልጋዩ የወረፋ ሰዓት ይከፈላል።

ይህ ጽሑፍ ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ የአዲስ አበባን የአውቶቡስና የቀላል ባቡር ተሞክሮ በመመልከት ያስረዳል። ከዚያም ተሞክሮው ለጎንደር ከተማና ለሰሜን ጎንደር ደጋማ አካባቢዎች ምን ትርጉም እንዳለው ይመለከታል።

ተሽከርካሪን በስሙ የሚያውቅ ሕዝብ

በዓለም ታላላቅ ከተሞች የአውቶቡስና የምድር ውስጥ ባቡር ወዳጆች የሚባሉ ሰዎች አሉ። እያንዳንዱ ተሽከርካሪ መቼ ሥራ እንደ ጀመረ፣ በየትኛው መስመር እንደሚሠራ፣ መቼ ለጥገና እንደገባና መቼ ከአገልግሎት እንደተሰናበተ እየተከታተሉ ይመዘግባሉ፤ ይወያዩበታልም። ለአብነት ያህል፣ በኒውዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር እ.ኤ.አ. በ1964 አገልግሎት የጀመሩት “አር 32” የተሰኙት ፉርጎዎች እ.ኤ.አ. በ2022 ሲሰናበቱ በርካታ ሰዎች ለመጨረሻው ጉዞ ተሳፍረው ሸኝተዋቸዋል። ለ58 ዓመታት ማገልገል የቻሉት ለሕዝብ በተሠሩ ጊዜ ጠንካራ ስለነበሩ ብቻ አይደለም፤ በየጊዜው የታደሱና መለዋወጫ የተዘጋጀላቸው በመሆኑም ጭምር ነው።

በአገራችን ይህን መሰሉ ውይይት የሚካሄደው በየመናኸሪያው፣ በየጋራዡና በየታክሲ ተራው ነው። ተካፋዮቹም ሾፌሮች፣ ረዳቶች፣ መካኒኮች፣ ተራ አስከባሪዎችና ተሳፋሪዎች ናቸው። ሕዝቡ ለተሽከርካሪዎች የሰጣቸው ስሞች የዚህ ዕውቀት ምስክሮች ናቸው። “ሰይቼንቶ” ትንሿ ፊያት 600 ስትሆን፣ ስያሜዋም በጣሊያንኛ ስድስት መቶ ማለት ነው። “ውይይት” የተባለው ተሽከርካሪ ተሳፋሪዎች ፊት ለፊት ተያይተው ስለሚቀመጡበት ስሙን እንዳገኘ ይነገራል። “ቅጥቅጥ” የሚለው ስም ደግሞ በጭነት መኪና ሻንሲ ላይ አካሉ አገር ውስጥ ተቀጥቅጦ የተሠራ መሆኑን በአንድ ቃል ያስረዳል። “ዶልፊን” እና “አባዱላ” የሚባሉትም የአንዱን ሚኒባስ ዘመን ከሌላው ለመለየት የወጡ ስሞች ናቸው።

እነዚህ ስሞች ለጨዋታ ያህል ብቻ የሚነገሩ አይደሉም። የትኛው ተሽከርካሪ ዳገት ላይ እንደሚደክም፣ የትኛው መለዋወጫ በቀላሉ እንደሚገኝለትና የትኛው በክረምት እንደማያስተማምን በየተራው የሚታወቀው ከስሙ ጋር ነው። በመሆኑም ግዥ የሚፈጽም መሥሪያ ቤት ከቴክኒክ ሰነዱ ጎን ለጎን ሊያዳምጠው የሚገባ ዕውቀት ነው።

ከአንበሳ አውቶቡስ እስከ ቀላል ባቡር

በአዲስ አበባ የአንበሳ አውቶቡስ አገልግሎት የተጀመረው በ1930ዎቹ ዓ.ም. ከጣሊያን ወረራ ማብቃት በኋላ ሲሆን፣ በመጀመሪያ ያገለገሉት ለሕዝብ ማመላለሻነት የተለወጡ ጥቂት የጭነት መኪኖች ነበሩ። ድርጅቱ በኋላ በአክሲዮን ማኅበርነት ተቋቁሞ ሲሠራ ቆይቶ በደርግ ዘመን ወደ መንግሥት ይዞታ ተዛወረ። በየዘመኑም መርሰዲስ፣ ዳፍ፣ በኋላም ቢሾፍቱ ላይ የተገጣጠሙ አውቶቡሶችን አሰማርቷል። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የሸገር አውቶቡስ ድርጅት አገልግሎቱን የተቀላቀለ ሲሆን፣ ሁለቱ ድርጅቶች በኋላ በአንድ የከተማ አውቶቡስ ድርጅት ሥር ተጠቃለዋል። የመንግሥት ሠራተኞችን ወደ ሥራ የሚያደርስና የሚመልስ የተለየ የአውቶቡስ ድርጅትም ተቋቁሟል።

ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። አዲስ ዓይነት አውቶቡስ በገባ ቁጥር አዲስ የመለዋወጫ ዝርዝር፣ አዲስ የጥገና መሣሪያና አዲስ የመካኒክ ሥልጠና አብሮ ይገባል። የአንዱ አውቶቡስ ፍሬን ለሌላው አይሆንም፤ የአንዱን የማርሽ ሣጥን የሚያውቅ ባለሙያ የሌላውን ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ የተሽከርካሪው ዓይነት በበዛ መጠን ለእያንዳንዱ ዓይነት የሚደርሰው የመለዋወጫ በጀት እየሳሳ ይሄዳል። አንድ ትንሽ ዕቃ የጎደለው አውቶቡስም ለሳምንታት ከግቢ ሳይወጣ ይቆያል።

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ተሞክሮ ይህንኑ በግልጽ ያሳያል። 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ያላቸው ሁለቱ መስመሮች በ475 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ወጪ የተገነቡ ሲሆን፣ 85 በመቶ የሚሆነው ገንዘብ የተገኘው ከቻይና ኤግዚም ባንክ በብድር ነው። ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚዘልቀው መስመር በመስከረም 2008 ዓ.ም.፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚሄደው ደግሞ በጥቅምት 2008 ዓ.ም. አገልግሎት ጀምረዋል። በወቅቱ የገቡት ባቡሮች 41 ነበሩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን መለዋወጫ በወቅቱ ባለመግባቱ፣ በውጭ ምንዛሪ እጥረትና በተሽከርካሪ እግሮች መበላት ምክንያት አብዛኞቹ ባቡሮች ቆመዋል። ሐዲዱ፣ ጣቢያውና የኤሌክትሪክ መስመሩ ባሉበት እያሉ ተሳፋሪው በየጣቢያው ረጅም ጊዜ ለመጠበቅ ተገዷል።

ችግሩ የባቡር ቴክኖሎጂ ለአገራችን የማይስማማ በመሆኑ የመጣ አይደለም። ለግዢው የተሰጠው ትኩረት ያህል ለጥገናው አስቀድሞ አልተሰጠም። የመለዋወጫ ውል፣ የውጭ ምንዛሪ ምደባና የባለሙያ ሥልጠና የግዢው አካል ካልሆኑ የተገዛው ሀብት ከአገልግሎት ዘመኑ በፊት ይቆማል።

የሚያስተማምን መለኪያ

በዚህ ረገድ የሌሎች አገሮች አሠራር ሁለት ጠቃሚ መለኪያዎችን ያሳያል። የመጀመሪያው አንድ ተሽከርካሪ በሁለት ብልሽቶች መካከል በአማካይ የሚጓዘው ርቀት ነው። የኒውዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር አስተዳደር ይህን አኃዝ ለእያንዳንዱ የባቡር ዓይነት ለይቶ ይይዛል። ርቀቱ ማጠር ከጀመረ ተሽከርካሪው እስኪቆም ሳይጠበቅ ወደ ጥገና ይላካል።

ሁለተኛው የመጠባበቂያ ድርሻ ነው። ማንኛውም ድርጅት ሁሉንም ተሽከርካሪዎቹን በአንድ ጊዜ ማሰማራት አይችልም፤ የተወሰኑት ምንጊዜም በጥገና ላይ ናቸው። በአሜሪካ የፌዴራል መንግሥት ድጋፍ የሚያገኙና 50 ወይም ከዚያ በላይ አውቶቡሶች ያሏቸው ድርጅቶች መጠባበቂያቸው በከፍተኛው የሥራ ሰዓት ከሚያሰማሩት ቁጥር ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ የሚያዝ መመሪያ አለ። የቆሙት ከዚህ ሲበልጡ ድርጅቱ የሚጠየቀው ተጨማሪ አውቶቡስ ለምን እንዳልገዛ ሳይሆን ያሉትን ለምን እንዳላሰማራ ነው።

የለንደኑ “ሩትማስተር” ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስም ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1956 ሥራ የጀመረው ይህ አውቶቡስ ከመደበኛ መስመሮች የተሰናበተው እ.ኤ.አ. በ2005 መጨረሻ ነው። ሲነደፍ ክፍሎቹ እርስ በርስ እንዲለዋወጡና በአንድ ማዕከላዊ ጋራዥ በየተራ ተፈትተው እንዲታደሱ ተደርጎ ነበር። የአንዱ ሞተር ሲበላሽ የተዘጋጀ ሌላ ሞተር ተገጥሞለት ወደ መንገድ ይመለስ ነበር።

ጉዳዩን በቀላል ስሌት ማስረዳት ይቻላል። አንድ ከተማ 40 አውቶቡሶች አሉት፤ የሚያሰማራው ግን 24ቱን ብቻ ነው እንበል። እያንዳንዱ አውቶቡስ በቀን 8 ጊዜ ደርሶ መልስ ሲጓዝና በአንድ ጉዞ 60 ሰው ሲያጓጉዝ በድምሩ 23 ሺህ 40 የሰው ጉዞ ይሰጣል። ከቆሙት 16 አውቶቡሶች 10ሩ ተጠግነው ቢወጡ አገልግሎቱ ወደ 32 ሺህ 640 ያድጋል። አንድም አዲስ አውቶቡስ ሳይገዛ በየቀኑ 9 ሺህ 600 ተጨማሪ የሰው ጉዞ ይገኛል ማለት ነው።

የጎንደርና የደጋው ልዩ ሁኔታ

ጎንደር ባቡር የላትም። ነዋሪዎቿ በዋናነት የሚጠቀሙት በሚኒባስ ታክሲና በባጃጅ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ 207 ሺህ 44 ነዋሪዎች የነበሯት ከተማዋ ከዚያ ወዲህ ብዙ አድጋለች። ዩኒቨርሲቲው በተለያዩ ግቢዎች መከፋፈሉ፣ የሪፈራል ሆስፒታሉ ከአካባቢው ወረዳዎች ታካሚዎችን መቀበሉና የአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ በአዘዞ በኩል ከመሐል ከተማ ርቆ መገኘቱ የጉዞ ፍላጎቱን በጥቂት መስመሮች ላይ ያከማቸዋል። በጥምቀት በዓል ሰሞን ወደ ፋሲለደስ መዋኛ የሚተመው ሕዝብ ደግሞ ፍላጎቱን ከወትሮው እጅግ ያሳድገዋል።

በዚህ ላይ የመልክዓ ምድሩ ጉዳይ ይታከላል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ሲሆን፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ደባርቅ ከ2 ሺህ 800 ሜትር በላይ ላይ ናት። አየሩ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1 ሺህ ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ገደማ ያጣል። በመሆኑም እንዲህ ያለው ሞተር ጎንደር ላይ አንድ አምስተኛ፣ ደባርቅ ላይ ደግሞ ከሩብ በላይ ጉልበቱን አጥቶ ይሠራል። ትርፍ ሰው የጫነ ተሽከርካሪ ዳገት ላይ የሚንገታገተው፣ ነዳጅ የሚያባክነውና ሞተሩ ያለጊዜው የሚያረጀው በዚህ ምክንያት ነው።

ቁልቁለቱ ደግሞ ከዳገቱ የባሰ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የሚወርደው የሊማሊሞ መንገድ በተጠማዘዙ ኩርባዎች ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይዘቀዘቃል። በዚህ መንገድ በፍሬን ብቻ የሚወርድ ተሽከርካሪ ፍሬኑ ግሎ መያዝ ሊሳነው ይችላል። በዝቅተኛ ማርሽ መውረድና የፍሬን ሸራን በወቅቱ መለወጥ እዚህ የሕይወት ጉዳይ ነው። ለሜዳማ ከተማ የተመረጠ አውቶቡስ ወይም የጥገና መርሐ ግብር እንዳለ ተወስዶ ለደጋው ሊውል የማይገባውም ለዚህ ነው።

በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የተከሰተው የጸጥታ ችግር በከተሞች መካከል የሚደረገውን ጉዞ በተደጋጋሚ ማስተጓጎሉም አይዘነጋም። መንገድ ሲዘጋ መለዋወጫም አይደርስም፤ ተሽከርካሪውም ቆሞ ይውላል። ይህም ዋና ዋና መለዋወጫዎችን በከተማው ውስጥ አከማችቶ የመያዝን አስፈላጊነት ያጎላል።

ወደ ኤሌክትሪክ የሚደረገው ሽግግር

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ቁጥር እየጨመረ መጥቷል። ለደጋማ ከተሞች ይህ መልካም ዕድል ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር የማያስፈልገው በመሆኑ ጉልበቱ በከፍታ አይቀንስም። ቁልቁለት ሲወርድም ሞተሩ ራሱ ተሽከርካሪውን እየገታ የተወሰነ ኃይል ወደ ባትሪው ይመልሳል፤ ይህም የፍሬኑን ድካም ያቀልላል።

ሆኖም የቀላል ባቡሩ ትምህርት እዚህም ይሠራል። ባትሪው ሲደክም ማን ይተካዋል? የኃይል መሙያው የት ይቆማል? መብራት ሲቋረጥስ ተሽከርካሪዎቹ በምን ይንቀሳቀሳሉ? የሚጠግነው ባለሙያስ ሠልጥኗል ወይ? እነዚህ ጥያቄዎች ከግዢው ውል በፊት መልስ ካላገኙ አዲሱ ቴክኖሎጂም እንደ ቀደሙት ግቢ ውስጥ ተደርድሮ ሊቆም ይችላል።

ከዚህ በመነሳት ለሚመለከታቸው የሥራ ኃላፊዎች አራት ነጥቦችን ማስቀመጥ ይቻላል። አንደኛ፣ በየወሩ በሚቀርበው የሥራ አፈጻጸም ሪፖርት ከጠቅላላው የተሽከርካሪ ብዛት ቀጥሎ በየማለዳው ለስምሪት የወጣው ቁጥር ይስፈር። ሁለተኛ፣ የተሽከርካሪ ዓይነት በተቻለ መጠን ይመጠን፤ ማንኛውም ግዢ የዓመታት መለዋወጫና ሥልጠናን ይጨምር። ሦስተኛ፣ አዲስ ተሽከርካሪ በብዛት ከመገዛቱ በፊት በከተማው ከባድ ዳገትና ቁልቁለት ላይ ሙሉ ጭነት ይዞ ይሞከር። አራተኛ፣ በሙከራውም ሆነ በምርጫው ሾፌሮች፣ መካኒኮችና ተራ አስከባሪዎች አስተያየት ይስጡ።

ለአዲስ አውቶቡስ ርክክብ ሥነ ሥርዓት ይዘጋጃል፤ የፍሬን ሸራ በወቅቱ ለተለወጠለት አውቶቡስ ግን አይዘጋጅም። በማግስቱ ማለዳ ከፒያሳ ወደ አዘዞ ወይም ከጎንደር ወደ ደባርቅ ለመሄድ ተሰልፎ ለሚጠብቀው ተገልጋይ ግን ሁለቱም እኩል ዋጋ እንዳላቸው ሊሰመርበት ይገባል።